የኔ ብጤ በመድረክ ላይ

አማርኛችን ለምኖ አዳሪውን የሚጠራበት የራሱ ስም አለው፤ «የኔ ብጤ» ይለዋል። ቃሉ በየደጀ ሰላሙና በየገበያው ዳር ዘወትር የሚነገር በመሆኑ ቆም ብሎ ትርጉሙን የሚያሰላስል ጥቂት ነው። ብጤ ማለት አቻ፣ መሰል፣ እኩያ ማለት ነው። ስለዚህ እጁን የዘረጋውን ሰው «የኔ ብጤ» ብሎ የሚጠራ ሁሉ፣ አወቀም አላወቀም፣ «ይህ ሰው እኔን ይመስላል፤ በእርሱ ላይ የደረሰው በእኔም ላይ ሊደርስ ይችል ነበር» ብሎ መመስከሩ ነው። አባቶቻችን ይህን ያህል ከባድ ነገር በሁለት ቃል ጠቅልለው አኑረውልናል።

ይሁን እንጂ በአፍ የሚነገረው ሁሉ በልብ አይታመንም። የኔ ብጤ ብለን እንጠራዋለን፤ ነገር ግን ቤቱን አናውቀውም፤ ልጆቹ ምን በልተው እንዳደሩ አንጠይቅም። የድሃውንና የሠርቶ አደሩን ቤተሰብ ኑሮ የሚያሳይ ተውኔት ዋነኛ ተግባሩም ይህን በስምና በእምነት መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ነው። የልደት በዓል ደግሞ ስለዚህ ጉዳይ ለመነጋገር የተመቸ ጊዜ ነው። የበዓሉ ታሪክ ራሱ በጉዞ ላይ ሳለ ማደሪያ ያጣ፣ በእጁ ሙያ የሚተዳደር የአንድ አናጢ ቤተሰብ ታሪክ ነውና። በኦሪቱ ሥርዐት በግ ለማቅረብ አቅም ያነሣት እናት ሁለት ርግቦች ወይም ሁለት ዋኖሶች እንድታቀርብ ተፈቅዶላት ነበር፤ በወንጌሉ የተጠቀሰው የዚያ ቤተሰብ መሥዋዕትም ይኸው የድሆቹ መሥዋዕት ነበረ።

የቤቱ ግድግዳ ሲነሣ

የዚህ ዓይነቱ ተውኔት መድረክ ብዙ ጌጥ አይሻም። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃና በር ይበቁታል። አባት የቀን ሠራተኛ ወይም ተሸካሚ ነው፤ እናት በሰው ቤት እንጀራ ትጋግራለች ወይም ልብስ ታጥባለች፤ አያት ከጥግ ተቀምጠው ይጸልያሉ፤ ልጅ ደብተር ይፈልጋል። የቤት ኪራይ ደርሷል፤ የዕድር መዋጮ አልተከፈለም፤ የታመመ ሰው አለ። ይህን ሁሉ በየሰፈራችን እናውቀዋለን፤ የምናውቀው ግን ከውጭ ሆነን ነው። በጎረቤት የምንሰማው ጩኸቱን ብቻ ነው። ስለዚህ አባትየውን «ሰካራም»፣ እናትየውን «ነገረኛ»፣ ልጁንም «ባለጌ» ብለን ስም እናወጣላቸዋለን።

ተውኔቱ ከአራቱ የቤት ግድግዳዎች አንዱን አንሥቶ ጩኸቱ ከመሰማቱ አንድ ሰዓት በፊት በዚያ ቤት ምን እንደ ነበረ ያሳየናል። አባት ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈልጎ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ ከልጁ ዓይን ለመሸሽ ወደ ጠላ ቤት ጎራ ማለቱን እናያለን። እናት በልጇ ላይ የጮኸችው በልጇ ተቈጥታ ሳይሆን አከራይዋ የተናገሯትን መመለስ ስላልቻለች እንደ ሆነ እንረዳለን። ተመልካቹ ጥፋቱን ጥፋት ከማለት አይቈጠብም፤ አጥፊውን ግን እንደ ቀድሞው አይመለከተውም። ከአዳራሹ የሚወጣው አንድ ቤተሰብ ዐውቆ ነው፤ ያወቁትን ሰው ደግሞ እንደማያውቁት አልፎ መሄድ ቀላል አይደለም።

ይህ ጥበብ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። አዳራሽና መጋረጃ ከመምጣቱ እጅግ አስቀድሞ ላሊበሎች ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየቆሙ ያዜሙ ነበር። ብዙውን ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው እየተቀባበሉ፣ የባለቤቱን ስም አስቀድመው ከጎረቤት ጠይቀው በዜማቸው እያስገቡ፣ መርቀው ያገኙትን ይዘው ፀሐይ ሳትወጣ ይሄዳሉ። ይህም የአንድ ድሃ ቤተሰብ ትርኢት ነበረ፤ መድረኩ የሰው ደጅ፣ ተመልካቹም ገና ከመኝታው ያልተነሣው ባለቤት ነው። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ለአንዱ ስሙን የሰጠው የአምባሰል ምድርም ኀዘንንና ችግርን በዜማ መግለጽን ከማንም አልተማረም።

ከቤተ መንግሥት ወደ ጎጆ

በሀገራችን ዘመናዊው ተውኔት ሲጀመር የድሃው ጎጆ በመድረክ ላይ አልነበረም። በ1910ዎቹ ዓመታት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎችን ታሪክ ሽፋን አድርገው የዘመናቸውን ሹማምንት ምግባር የሚተች ተውኔት አቀረቡ፤ መኳንንቱም ስላልወደዱት ታገደ። ከጎጃም የተነሡት የቅኔው ሊቅ ዮፍታሔ ንጉሤም የሀገርን ነገር በምሳሌ እየሰወሩ ጻፉ። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን ለነጻነቱ ለመቀስቀስ መድረክን ተጠቀመ። ከነጻነት በኋላም ለረጅም ጊዜ በመድረኩ ላይ የነገሡት ነገሥታት፣ መሳፍንትና ጀግኖች ነበሩ። ድሃው ከታየም አሽከር ወይም ገረድ ሆኖ፣ ታዝዞ ገብቶ ታዝዞ የሚወጣ ነበር።

ለውጡ የመጣው በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። መንግሥቱ ለማ በ1957 ዓ.ም. ባቀረቡት «ያላቻ ጋብቻ» የባላባት ዘር የሆነ የተማረ ሰው የቤት ሠራተኛውን ለማግባት ይነሣል፤ ዘመዶቹም «አቻህ አይደለችም» ብለው ይሞግቱታል። በሌሎች ተውኔቶች ቡና አቅርባ የምትወጣው ሴት በዚህኛው የክርክሩ ዋና ጉዳይ ሆነች። የተውኔቱ ስም ራሱ ከአርእስታችን ጋር ይገናኛል፤ አቻ ማለትና ብጤ ማለት አንድ ነውና። ደራሲው ነገሩን በሣቅ አዋዝተው ቢያቀርቡትም ጥያቄው የሚያሥቅ አልነበረም፤ የኔ ብጤ ብዬ የምጠራውን ሰው በእርግጥ ብጤዬ ነው ብዬ በማዕዴ አስቀምጠዋለሁን የሚል ነበር።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ በዚያው ዐሥር ዓመት መጨረሻ በ«የከርሞ ሰው» የአዲስ አበባን የድሃ መንደር ቤተሰብ ወደ መድረክ አወጣው። የተውኔቱን ስም ልብ ማለት ይገባል። ከርሞ ማለት የሚመጣው ዓመት ነው። ድህነት ከሰው ከሚቀማው ነገር ሁሉ ክፉው ዛሬን ነው። ድሃ ቤተሰብ «ለከርሞ ያልፍልናል» እያለ ይኖራል፤ ልጅ ለከርሞ ይማራል፤ ቤቱ ለከርሞ ይታደሳል፤ የታመመው ለከርሞ ይታከማል። ከርሞም በደረሰ ጊዜ ሌላ ከርሞ ይከተለዋል። ይህን ተስፋም ተስፋ መቍረጥም የሆነ ኑሮ በሁለት ቃል መግለጥ የታላቅ ባለቅኔ ሥራ ነው።

እነዚህን ሁለት ደራስያን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሁለቱም ወደ አውሮፓ ተሻግረው ዘመናዊ ትምህርት ቢቀስሙም አስቀድመው በልጅነታቸው የቅኔን ትምህርት ቀምሰዋል። የቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ከየደጁ ቍራሽ ለምኖ የሚማርበት ቤት ነው። የቅኔን ምሥጢር የሚያስተምረው ይህ ትምህርት ቤት የደጅን ምሥጢርም ያስተምራል፤ በየትኛው ቤት ትልቅ አጥር እንጂ እንጀራ እንደሌለ፣ በየትኛው ጎጆም ከጉድለት ላይ እንደሚሰጥ የቆሎ ተማሪ ያውቃል። የሀገራችን ተውኔት ወደ ድሃው ጎጆ ሲገባ መንገዱ ጨርሶ ያልጠፋበት ከዚህ የተነሣ ይመስላል።

ናታንና ወሎ

የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር ተመርቆ ሲከፈት፣ በመድረኩ የቀረበው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ተውኔት «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ታሪኩን የመጽሐፈ ሳሙኤል አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ንጉሡ የኦርዮንን ሚስት ወስዶ ባለቤቷን በጦር ሜዳ ካስገደለ በኋላ ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ መጣ። ነቢዩ ግን ንጉሡን በቀጥታ አልወቀሰውም፤ የአንድ ድሃ ቤተሰብ ታሪክ ተረከለት። ድሃው ሰው ከአንዲት ታናሽ በግ በቀር ምንም አልነበረውም፤ በጊቱም ከልጆቹ ጋር ያደገች፣ ከእንጀራው የምትበላ፣ እንደ ልጅ የሚያያት ነበረች። ባለጠጋው ጎረቤቱ ብዙ መንጋ እያለው ለእንግዳው ያረደው ያችኑ አንዲት በግ ሆነ። ዳዊት ይህን በሰማ ጊዜ ተቈጥቶ በባለጠጋው ላይ ፈረደ፤ ነቢዩም ባለጠጋው ራሱ ንጉሡ መሆኑን ገለጠለት።

የድሃ ቤተሰብ ተውኔት አሠራር በሙሉ በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ አለ። ተመልካቹ በአዳራሹ ተቀምጦ በሌላ ሰው ላይ ይፈርዳል፤ መብራቱ ሲበራ ግን ፍርዱ በራሱ ላይ እንደ ሆነ ይገነዘባል። ናታን በጊቱን እንዴት እንደ ገለጣት ማስተዋልም ተገቢ ነው። «አንድ ድሃ ተበደለ» ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ንጉሡ ከልማዱ ባልወጣም ነበር። ነገር ግን በጊቱ ከማን ጋር እንዳደገች፣ ከምን እንደ በላች፣ በማን ብብት እንደ ተኛች አንድ በአንድ ነገረው። የንጉሡን ልብ የነካው ይህ ዝርዝር ነው። ጥሩ ተውኔት ስለ ድህነት አያወራም፤ አንዲቱን በግ ያሳያል።

ከ19 ዓመት በኋላ ይህ ታሪክ በወሎ ምክንያት በሀገራችን የተደገመ መሰለ። በ1965 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ ተሰውሮ ቆይቶ፣ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የብሪታንያው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በፊልም ለዓለም ገለጠው። ይኸው ፊልም የቤተ መንግሥቱ ድግስ እየተሰባጠረበት በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የመንግሥቱ መለወጥ ብዙ ሌሎች ምክንያቶች ነበሩት። ሆኖም የድሃው ቤተሰብ በዐደባባይ መታየት ምን ያህል ብርቱ ነገር እንደ ሆነ ከዚያ ምሽት የበለጠ ምስክር የለም። ከዚህም ጋር ሌላ ትምህርት አለው፤ ያ ፊልም ከታየ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ወሎ ዳግመኛ ተራበ። መታየት ብቻውን አላጠገበም።

የቺካጎው ቤተሰብ

ከሀገራችን ውጭም ይህን መንገድ የሄዱ ታላላቅ ተውኔቶች ብዙ ናቸው። ከእነርሱ አንዱን ብቻ እንይ። ጥቁር አሜሪካዊቷ ሎሬይን ሃንስቤሪ «በፀሐይ የደረቀ ዘቢብ» የተባለውን ተውኔቷን በ1951 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1959) በኒውዮርክ ስታቀርብ፣ በብሮድዌይ ሥራዋ የታየላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ደራሲ ሆነች። ታሪኩ በቺካጎ ከተማ በአንድ ጠባብ ቤት ተጨናንቀው የሚኖሩ የሦስት ትውልድ ቤተሰብ ነው። መጸዳጃውን ከጎረቤት ጋር ይጋራሉ፤ ትንሹ ልጅ የሚተኛው በሳሎኑ ሶፋ ላይ ነው። አባት ሲለፋ ኖሮ ሞቷል፤ ለቤተሰቡ የቀረው የሕይወት መድን 10,000 ዶላር ነው። እናት አትክልት የሚበቅልበት ቤት ትሻለች፤ የባለጠጋ ሰው ሾፌር የሆነው ልጅ የመጠጥ መሸጫ መደብር ለመክፈት ያስባል፤ ሴት ልጇ ሐኪም ለመሆን ትማራለች።

ልጁ የተሰጠውን ገንዘብ ለጓደኛው አምኖ ሰጥቶ ተከዳ። በዚያው ጊዜ እናት ቤት የገዛችበት ሰፈር ነጮች ጥቁር ጎረቤት ስለማይፈልጉ፣ ከገዙበት ዋጋ በላይ እንክፈላችሁና አትምጡብን የሚል መልእክተኛ ላኩ። ልጁ ገንዘቡን ሊቀበል ተቃርቦ ነበር። እናቱ ግን «ልጅህ ፊት ተቀበል» አለችው እንጂ አልከለከለችውም። በልጁ ዓይን ፊት በቆመ ጊዜ ገንዘቡን ለመቀበል አንደበቱ እምቢ አለው።

ይህ ተውኔት ወሎ ለሚኖር አንባቢ ምን ያደርግለታል ቢባል መልሱ ቀላል ነው። ድሃ ሰው ገንዘብ ብቻ የጐደለው አድርጎ የሚያየው ሰው ተሳስቷል። ድሃ ሰውም የሚሸጠውና የማይሸጠው ነገር አለው። የሐይቅ ወይም የውጫሌ አባት በልጁ ፊት ላለመዋረድ የሚያደርገውን ትግል የቺካጎው ሾፌርም ያውቀዋል። ተውኔቱ ከሁሉ በላይ የጠበቀው የቤተሰቡን ክብር ነው፤ ተመልካቹ አዘነላቸው እንጂ አልናቃቸውም።

የአፈወርቅ ተግሣጽ

ከቤተ ክርስቲያን አባቶች ቴአትርን አጥብቆ የነቀፈ ቢኖር ዮሐንስ አፈወርቅ ነው። ሕዝቡ ከጸሎት ይልቅ ወደ ፈረስ ግልቢያና ወደ ጨዋታ ቤት ሲሮጥ እያየ ዘወትር ይገሥጽ ነበር። ስለ ድሃው አልዓዛርና ስለ ባለጠጋው በተከታታይ የሰበከውም እርሱ ነው። የሚገርመው ግን በዚያው ስብከቱ የነቀፈውን ቴአትር ምሳሌ አድርጎ መጠቀሙ ነው። ተዋንያኑ በመድረክ ላይ ንጉሥም ሐኪምም መስለው ይታያሉ፤ በመሸና ተመልካቹ በተበተነ ጊዜ ግን ጭምብሉ ይወልቃል፤ ንጉሥ የመሰለው ተራ ሠራተኛ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ዓለም ሀብትና ድህነትም እንዲሁ ጭምብል ነው፤ በሞት ምሽት ሲወልቅ እውነተኛው ባለጠጋና እውነተኛው ድሃ ይለያሉ ብሎ አስተማረ።

የአፈወርቅን ተግሣጽ ወደ ዘመናችን የድሃ ቤተሰብ ተውኔት ብንመልሰው ሁለት ጥፋቶችን ያሳየናል። አንደኛው ድሃውን መፈክር ማድረግ ነው። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየፋብሪካው የተቋቋሙ የኪነት ቡድኖች ሠራተኛውን በብዛት ወደ መድረክ አወጡት። «ወዛደር» የሚለው ቃል ራሱ ወዙን አፍስሶ የሚያድር ማለት በመሆኑ ያማረ ቃል ነበር። ነገር ግን በብዙዎቹ ትርኢቶች ወዛደሩ እጁን ጨብጦ ይፎክር ነበር እንጂ የታመመች ልጁን ሲያስታምም አይታይም ነበር። ቤት የሌለው፣ ሚስት የማይናፍቅ፣ ኪራይ የማይፈራ ሠራተኛ ሥዕል ነው እንጂ ሰው አይደለም።

ሁለተኛው ጥፋት ድሃውን የእንባ ማፍሰሻ ማድረግ ነው። ተመልካቹ በአዳራሹ አልቅሶ ልቡ ይቀልለዋል፤ ያለቀሰበት እንባም ምጽዋት የሰጠ ያህል ሆኖ ይታየዋል። ወጥቶም በደጅ የተቀመጠውን የኔ ብጤ ተሻግሮ ይሄዳል። በቅዱስ ወንጌል የተጠቀሰው ባለጠጋ አልዓዛርን ደበደበው አልተባለም፤ በደጁ ሳለ አላየውም እንጂ። ከተውኔት ወጥቶ የማያይ ሰው ደግሞ ካላየው ባለጠጋ ይልቅ ዕዳው የከበደ ነው፤ አይቷልና።

የዲያቆኑ ማዕድ

ለዚህ መድኀኒቱን ከሩቅ መፈለግ አያሻም። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ አማካይነት የትምህርትና የመጻሕፍት ማእከል ሆኖ ለኢትዮጵያ ብዙ ሊቃውንትን አፍርቷል። ገዳሙ የተሰየመበት ቅዱስ እስጢፋኖስ ሊቀ ዲያቆናትና ቀዳሜ ሰማዕት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ለምን ዲያቆን እንደ ተሾመ ግን ብዙ አይነገርም። በኢየሩሳሌም ዕለት ዕለት በሚታደለው ምግብ አንዳንድ መበለቶች ተረስተው ነበርና ጉርምርምታ ተነሣ፤ ስለዚህ ማዕዱን የሚያገለግሉ ሰባት ሰዎች ተመረጡ፤ ከሰባቱም የመጀመሪያው እስጢፋኖስ ነበር። የመጀመሪያው ሰማዕት አስቀድሞ የተረሱ ሴቶችን ስም ቈጥሮ እንጀራ የሚያድል ሰው ነበረ ማለት ነው። የዕረፍቱ መታሰቢያም ልደትን ተከትሎ ጥር 1 ቀን ይከበራል፤ በበረት ከተወለደው ሕፃን በዓል ወደ መበለቶች አገልጋይ በዓል የሚወስደው መንገድ የሁለት ቀን ያህል ብቻ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለሐይቅና ለአምባሰል ወጣቶች የሚቀርብ አሳብ አለ። የሰንበት ትምህርት ቤቶች በየበዓላቱ መንፈሳዊ ድራማ ማቅረባቸው የቆየ ልማድ ነው። የቅዱሳንን ገድል ማሳየታቸው የሚመሰገን ነው። ከዚሁ ጎን የጎረቤትን ቤተሰብ ቢያሳዩን ደግሞ ምንኛ መልካም ነበር። ለዚህ የሚሆን ታሪክ በአካባቢው ሞልቷል። ከሐይቁ ዓሣ አጥምዶ የሚያድረው አባት አለ፤ በመንገዱ ዳር ጉልት ተቀምጣ ልጆቿን የምታሳድገው እናት አለች። መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚወጣውን ምእመን በመንገድ ዳር ሆነው የሚጠብቁ ችግረኞች አሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንና ውጫሌን በደረሰ ጊዜ ቤቱን ዘግቶ ወደ ደሴና ከዚያም ወዲያ የተሰደደው፣ ተመልሶም ከባዶ የጀመረው ቤተሰብ አለ። በወሎ ደግሞ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ ጎረቤት ሆኖ ስለሚኖር፣ በምጽዋትና በዘካ የሚረዳዱ ሁለት ቤተሰቦችን በአንድ መድረክ ማሳየት ሌላው ሀገር የሚቀናበት ታሪክ ይሆናል።

ይህ ሲደረግ ከላይ የተመለከትናቸውን ትምህርቶች መዘንጋት አይገባም። እንደ ናታን አንዲቱን በግ ዘርዝሮ ማሳየት፣ እንደ ቺካጎው ተውኔት የቤተሰቡን ክብር መጠበቅ፣ ድሃውን መፈክርም የእንባ ማፍሰሻም አለማድረግ ያስፈልጋል። የእውነተኛውን ጎረቤት ገመና ስሙን እየጠሩ መዘርዘርም ነውር ነው፤ ታሪኩ ይወሰድ፣ ሰውየው ይሸፈን። ከሁሉ በላይ ግን ትርኢቱ ሲያልቅ መጋረጃው ብቻ አይዘጋ፤ በአዳራሹ በር ላይ ማዕድ ይዘጋጅ። ተመልካቹ ከመግቢያ ጋር አንድ ጣሳ እህል ወይም አንድ ደብተር ይዞ ቢመጣ፣ የተሰበሰበውም በሰበካ ጉባኤውና በዕድሩ በኩል ስማቸው ለተረሱ ቤቶች ቢደርስ፣ ተውኔቱ በእስጢፋኖስ አገልግሎት ተፈጸመ ማለት ነው።

ዛሬ በየቤታችን ዶሮው ተሠርቶ፣ ዳቦው ተደፍቶ፣ ቄጠማው ተጐዝጕዞ በዓሉን ስናከብር፣ ያለ ተውኔትም ቢሆን አንድ ግድግዳ ማንሣት እንችላለን። ጢሱ ያልታየውን የጎረቤት ቤት እናስብ፤ ልጅ ልከን እናስጠራ፤ አልያም እኛው ሄደን ከማዕዳችን እናካፍል። ያን ጊዜ «የኔ ብጤ» የሚለው ቃል ከአንደበታችን ወደ ቤታችን ይገባል።

መልካም የልደት በዓል ይሁንልን።